ለዓመታት የቆመ የጀልባ ሞተር ማስነሳት፦ ገመዱን ለመጨረሻ አቆዩት

ባሕር ዳር ውስጥ መጋዘን ስትከፍቱ ጥግ ላይ ጆንያ ለብሶ የቆመ የጀልባ ሞተር ማግኘት ብርቅ አይደለም። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሄደው ጎብኚ ቀረ። ከዚያ ጦርነቱ ተከተለ። ብዙ ሰው ሞተሩን ፈትቶ ቤት አስገባ፤ ነገ ዛሬ ሲል ዓመታት አለፉ። የአጎቴም ሞተር እንደዚሁ ነው የቆመው። 15 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ኢንዱሮ ነው፤ ባለ ሁለት ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት)፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በገመድ የሚነሳ። አምስት ዓመት ተኩል ቆሞ ሦስት ቅዳሜ ሠርተንበት ተነሳ። አሁን በየሳምንቱ ጣና ላይ ይወጣል።

ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሞተር ቤቱ ላለ ሰው ነው። ቁጥሮቹ ለዚህ ዓይነት ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ናቸው። 25 ወይም 40 ፈረስ ጉልበት ያለው ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገመዱን አትሳቡ። ሞተር ያየ ሰው ሁሉ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ገመዱ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዓመታት ቆሞ ደህና የነበረ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሊያስነሱት በሞከሩበት ቀን ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የነበረው ዘይት ደርቋል፤ በደረቁ ስትስቡት ፒስተኑና በዙሪያው ያለው ቀለበት፣ ሪንጉ፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጭሩታል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚስበው ጎማ ደርቆ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቋል፤ በኃይል ሲዞር ይቆረጣል። ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያለው አሮጌ ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኗል፤ ቆሻሻውን ይዞ ይገባል። አንድ ጎረቤታችን የራሱን ሞተር ከእኛ ሁለት ወር ቀድሞ አወጣና ልጆቹ እየተፈራረቁ ግማሽ ቀን ሳቡት። ተነሳም፣ ለሦስት ደቂቃ። ከዚያ ግሎ ቆመ። ሲከፈት የውሃው ጎማ ክንፎች ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር፤ የላይኛው ሲሊንደር ደግሞ ተፍቋል። ልቤን ነው የሰበረው፤ ሞተሩ ከዚያ ቀን በፊት ጤነኛ ነበርና።

ገመዱ እንግዲህ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ድረስ ያለውን ሥራ እንይ።

የሚያስፈልጋችሁ

የካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠው መሰኪያ) መፍቻ፣ መደበኛ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ ብሩሽ፣ ግራሶ፣ የባለ ሁለት ስትሮክ የጀልባ ዘይት፣ ዘጠና የማርሽ ዘይት፣ አዲስ ካንዴላዎች፣ አዲስ የውሃ ጎማ፣ ሁለት ሜትር ያህል የነዳጅ ቱቦ። በርሜልም ያስፈልጋል። ከእነዚህ ውስጥ ለማግኘት የሚያስቸግረው የውሃው ጎማ ነው፤ መኪና ዕቃ መሸጫ አይገኝም። ስለዚህ ሥራውን ሳትጀምሩ እሱን እዘዙ። ሞተሩን ጀልባው ላይ ከሚያስረው መቆንጠጫ አጠገብ ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ምልክት አለ፤ የሞዴሉ ቁጥርና ተከታታይ ቁጥሩ እሱ ላይ ነው። ፎቶ አንሱትና ለሻጩ ላኩለት። "የ15 ያማሃ" ብቻ ብላችሁ ብታዝዙ የማይገባ ጎማ ሊመጣላችሁ ይችላል።

ሞተሩን የምትሠሩበትን ቦታ አስቡበት። ሁለት ወፍራም አጣናዎች መሬት ተክላችሁ ጣውላ ብታጋድሙባቸው ጥሩ ማሰሪያ ይወጣችኋል። መሬት ላይ አጋድሞ መሥራት ክፉ ልማድ ነው። በእግሩ፣ ማለትም ሐይቅ ውስጥ በሚገባው የታችኛው ክፍል፣ ውስጥ የቀረ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ሊገባ ይችላል።

መጀመሪያ ክዳኑን አንሱ

ክዳኑን አንስታችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አይጥ ጎጆ ሠርታ ይሆናል። ሽቦ በልታ ይሆናል። ተርብ ደግሞ የአየር መግቢያውና የውሃ ምልክት መውጫው (የሚያቀዘቅዘው ውሃ እየዞረ መሆኑን የሚያሳየው ጅረት የሚወጣበት ቀዳዳ) ላይ ጭቃ መለጠፍ ይወዳል፤ የእኛ ላይ የውሃ መውጫው ሙሉ በሙሉ በጭቃ ተደፍኖ ነበር። በቀጭን ሽቦ አጸዳነው። ይህን ሳናይ ብናስነሳው ኖሮ ውሃ አልመጣም ብለን ፓምፑን እንከስ ነበር።

ቀጥሎ የጎማ ቱቦዎቹን በጣት ጠምዝዙ። የተሰነጣጠቀ ወይም እንደ ብስኩት የደረቀ ቱቦ ይቀየራል፤ በፕላስተር መጠቅለል አይሆንም። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቱቦ ጀልባ ላይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ዕቃ ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ።

ካንዴላ አውጡ፣ ዘይት ጨምሩ፣ ተዉት

ካንዴላዎቹን ፍቱ። እምቢ ካሉ አታስገድዱ። ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ለጥቂት ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ እያላችሁ አውጡ። ካንዴላው የሚታሰርበት የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ችግሩ ትልቅ ይሆናል።

ካንዴላዎቹን ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ለዩና አስቀምጡ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ነዳጅ በዝቶበት ነበር። ቡናማ ከሆነ ደህና ነበር። ዝገት ያለበት ከሆነ ውሃ ገብቷል ማለት ነውና ቀጣዩን ሥራ በጥንቃቄ ሥሩ።

አሁን በእያንዳንዱ የካንዴላ ቀዳዳ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል የባለ ሁለት ስትሮክ ዘይት ጨምሩ። ሞተሩን ትንሽ አዘንብሉት፤ ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ይድረስ። ቀዳዳዎቹን በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑና እስከ ነገ ተዉት። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህችን ሌሊት ነው። አትዝለሏት።

በማግስቱ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉና ቮላኖውን፣ ማለትም ከላይ ያለውን ከባድ ተሽከርካሪ ብረት፣ በእጃችሁ አዙሩ። ከላይ ሲታይ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ወደኋላ አታዙሩት፤ የውሃው ጎማ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ስለሚዞር ክንፎቹ ወደ ተቃራኒ ይታጠፋሉ። በቀስታ ከዞረ እልል በሉ፤ ከባዱ ፍርሃት አለፈ። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ አዙሩት፤ የተረፈው ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል።

ካልዞረስ? ያኔ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። መጀመሪያ የተያዘው ላይኛው ሞተር ይሁን እግሩ ለዩ። አንዳንዴ ፒስተኑ ነጻ ሆኖ የሚይዘው የደረቀው የውሃ ጎማ ወይም የዛገ ማርሽ ነው። እግሩን ፈትታችሁ ስታወርዱት ቮላኖው ከዞረ ችግሩ ታች ነው። ካልዞረ ፒስተኑ ተጣብቋል። የካምቢዮ ዘይት፣ የአውቶማቲክ መኪናው ቀዩ ዘይት ማለቴ ነው፣ ከአሴቶን ጋር እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩ። አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ እሳትና ሲጋራ አይጠጋ። በየቀኑ ጥቂት እየጨመራችሁ፣ ቮላኖውን በእጅ ለመነቅነቅ እየሞከራችሁ አንድ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይፈጅ። በመዶሻ አትምቱት። በረጅም ብረት አትጠምዝዙት። በዚህ ካልተላቀቀ ቴስታታውን መፍታት ነው፤ ያ ደግሞ ለባለሙያ የሚሰጥ ሥራ ነው።

ጉልበት አለው ወይ?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግፊቱን ለኩ። ኮምፕሬሽን መለኪያ ብዙ ጋራዥ አለ፤ መዋስ ይቻላል። ሁለቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ የካንዴላ ሽቦዎቹ ከሞተሩ ብረት ጋር ይነካኩ፣ ነዳጅ መስጫው ሙሉ ይከፈት። ሽቦዎቹን ክፍት አድርጎ መሳብ የማቀጣጠያውን ሳጥን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ሳጥኑ ደግሞ ውድ ነው። ከዚያ ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ሳቡ። ዘይት ስለጨመራችሁና ስለዞረ አሁን ይህን ያህል መሳብ ይቻላል። ብቻ ከዚህ አታብዙ፤ የውሃው ጎማ ገና አልተቀየረም።

ቁጥሩን ስታነቡ ግን ያላችሁበትን ከፍታ አትርሱ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ቁጥር ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከጠረፍ በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ጠረፍ ላይ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሚያነብ ጤነኛ ሞተር ባሕር ዳር ላይ 97 አካባቢ ያነባል። ይህን ሳያውቁ ጤነኛ ሞተር "ሪንጉ አልቋል" ተብሎ ሲፈታ አይቻለሁ። ከቁጥሩ በላይ ማየት ያለባችሁ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከ15 በመቶ ካለፈ የተጣበቀ ሪንግ ወይም የተቧጨረ ሲሊንደር ሊኖር ይችላል። ዝቅ ባለው ላይ እንደገና ዘይት ጨምራችሁ ጥቂት ቀን ስጡት፤ የተጣበቀ ሪንግ አንዳንዴ በዚያ ይለቃል።

እሳት

አዲስ ካንዴላ ግዙ፤ አሮጌውን አጽድቶ መጠቀም ለዚህ ሥራ አይመከርም። ብዙ ያማሃዎች የሚጠቀሙት ኤንጂኬ ቢ7ኤችኤስ-10 የሚባለውን ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው 10 ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ግን የራሳችሁን ሞዴል አረጋግጡ።

ካንዴላውን ከሽቦው ጋር አገናኙና ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩ። ጥላ ውስጥ ሁናችሁ ገመዱን ሁለቴ ሳቡ። ሰማያዊ፣ ጠንካራ፣ ጠቅ የሚል እሳት ማየት አለባችሁ። ቢጫና ደካማ ከሆነ ችግር አለ። ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቁት፣ ቤንዚንም አጠገባችሁ አይኑር።

እሳት ጨርሶ ከሌለ መጀመሪያ የሚታየው ትንሿ ቀይ መሰኪያ ናት፣ ነጂው ከእጁ ጋር የሚያስራት ገመድ ጫፍ ላይ ያለችው። እሷ ከቦታዋ ከሌለች ሞተሩ እሳት አይሰጥም። እሷ ካለች የማጥፊያ ቁልፉን ሽቦ ለጊዜው ንቀሉና እንደገና ሞክሩ። እሳት ከመጣ ቁልፉ ውስጥ ዝገት አለ ማለት ነው። ከዚያ የምድር ሽቦዎቹን ፍቱ፤ የተቆላለፉበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና መልሳችሁ አጥብቁ። የእኛ ሞተር አንደኛው ሲሊንደር እሳት አጥቶ ነበር። ቦቢና፣ ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ልንገዛ ስንል ችግሩ አንዲት የዛገች የምድር ብሎን ሆና ተገኘች። በጣም አሮጌ ሞተር ከሆነ ደግሞ በቮላኖው ስር ፑንቲና፣ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳ የብረት መገናኛ፣ ይኖራል፤ ጫፎቹ ሲቆሙ ስለሚዝጉ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ነዳጁ

አሮጌውን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ድፉ። ሐይቅ ውስጥ ወይም ሐይቁ ዳር ግን አይደፋም፤ በጀሪካን ያዙትና እሳት ለማይነካው አገልግሎት፣ ለምሳሌ ዝገት የያዘ ብሎን ለመዘፍዘፍ፣ አስቀምጡት። ቤንዚን ሲቆም ቀለል ያለው ክፍሉ ይተናል፤ የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሃደ ሙጫ ይሆናል። ሽታው እንደ ቀለም ይሆናል። ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ብቻውን ታች ይቀራል።

ሰልባትዮውን፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን፣ በጥቂት ንጹህ ቤንዚን እጠቡና ገልብጡ። ከሰልባትዮ እስከ ሞተር ያለውን ቱቦ ቀይሩ። በመካከሉ ያለችውን በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ፓምፕ ተመልከቱ፤ ስትጨመቅ ደረቅ ከሆነች ወይም አየር ካስገባች አብራ ትቀየር። ፊልትሮውን ክፈቱና አጽዱ። የነዳጅ ፓምፑ ውስጥ ስስ የጎማ ሽፋን አለ፤ ሞተሩ ሲሠራ በሚፈጠረው የአየር ምት እየተንቀጠቀጠ ነዳጅ የሚገፋው እሱ ነው። ብርሃን ላይ ይዛችሁ እዩት። ከደረቀ ወይም ትንሽ ቀዳዳ ካለው አይሠራም።

አዲሱን ቤንዚን ከማደያ ግዙ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል፤ ለመጀመሪያ ማስነሻ በፍጹም አይሆንም። ከሌላ አማራጭ ከሌለ ጥቂት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ፤ ንጹህ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፣ ጋዝ ያለበት ቅባታማ ምልክት ይተዋል።

የዘይቱ መጠን አብዛኛው ጊዜ 50 ለ 1 ነው። ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር። የሞተሩ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው መመሪያውን ተከተሉ። አዲስ ሪንግ ወይም ፒስተን ካስገባችሁ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት እጥፉን፣ ማለትም 25 ለ 1 አድርጉ። የዘይቱ ዓይነት ላይ ጠንከር ልበል። ጠርሙሱ ላይ ቲሲ-ደብሊው3 የሚል ይኑርበት። ይህ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው። የሞተር ሳይክሉ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ፣ በጣም ለሚግል ሞተር ነው የተሠራው፤ ሲቃጠል አመድ ይተዋል፤ አመዱ ካንዴላውንና ሪንጉን ይይዛል። "ሁሉም ዘይት አንድ ነው" የሚላችሁን አትስሙ።

ካርቡሬተሩ

ዓመታት የቆመ ሞተር ካርቡሬተሩ ሳይጸዳ ተነስቶ በደንብ ሲሠራ አላየሁም። አንዳንዱ ይነሳል፣ ግን ከቾክ (ለማስነሳት አየሩን ከሚቀንሰው መዝጊያ) ሲወጣ ይጠፋል።

ሰፊ ነጭ ፎጣ ዘርጉ፤ ትናንሽ ዕቃዎች እንዳይጠፉ። ካርቡሬተሩን አውጡና የታችኛውን ሳህን ፍቱ። ውስጡ አረንጓዴ ዝቃጭ ወይም ቡናማ ሙጫ ልታገኙ ትችላላችሁ። ተንሳፋፊውን የያዘችውን ቀጭን ፒን ግፉና ተንሳፋፊውን ከነመርፌው አውጡ። የመርፌዋን ጫፍ በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ ቀለበት የመሰለ ጭረት ከተሰማችሁ ነዳጅ አትዘጋምና ቀይሯት። ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁ፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቀጫቀጨ ቀዳዳ አለው።

ጂግለሮቹን፣ ነዳጁ ተለክቶ የሚያልፍባቸውን ባለ ቀዳዳ ትናንሽ ብሎኖች፣ በልካቸው በሆነ ካቻቢቴ ፍቱ። ናስ ናቸው፣ ለስላሳ ናቸው፣ ጥርሳቸው ቶሎ ይበላል። ትልቁ ለከፍተኛ ዙር ነው፤ ትንሹ ለሚኒሞ፣ ለዝቅተኛው ዙር ነው። ብዙ ጊዜ የሚደፈነው ትንሹ ነው። ብርሃን ላይ ያዙት፤ ክብ የሆነች ብርሃን ካላያችሁ አልጸዳም። በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ አትውጉት፤ ቀዳዳው በጥቂቱ እንኳ ከሰፋ ልኩ ይበላሻል። እኛ የተጠቀምነው የዓሣ መረብ ናይሎን ክር ነው፤ ጠንከር ያለ ነው፣ ናስ አይጭርም፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ የትም አለ። ካርቡሬተር ማጽጃ ረጭታችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፤ በማግስቱ ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ እያንዳንዷን ቀዳዳ በኮምፕረሰር አስነፉ። ዓይናችሁን ሸፍኑ። የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎችን ማጽጃው ውስጥ አትዘፍዝፉ፤ ያብጣሉ።

በጎን በኩል ስፕሪንግ ያላት የሚኒሞ ማስተካከያ ብሎን አለች። ከመፍታታችሁ በፊት በቀስታ እስከ መጨረሻው አጥብቁና ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠሩ፤ ጻፉት። ስትመልሱ እዚያው ላይ አድርጓት። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ አንድ ዙር ተኩል ያህል ከፍታችሁ ጀምሩ። ጓርኒሲዮኖቹን፣ በመጋጠሚያዎቹ መካከል የሚገቡትን ማሸጊያዎች፣ አዲስ አድርጉ።

የውሃው ጎማና እግሩ

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሐይቁ ውሃ ነው። የሚስበው ደግሞ እግሩ ውስጥ ያለች አንዲት የጎማ መንኮራኩር ናት፤ ኢምፔለር ትባላለች። ስድስት ሰባት ዓመት የቆመች ኢምፔለር ብታምርም አትታመንም። ቀይሯት።

የእግሩን ብሎኖች ፍቱ፣ ማርሽ መቀየሪያው ዘንግ የሚገናኝበትን አላቁ፣ እግሩን ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ። የፓምፑን ቤት ስትከፍቱ ኢምፔለሯን ከዘንጉ ጋር የሚይዛትን ትንሽ የብረት ቁልፍ እንዳትጥሉ። አሮጌዋ ክንፎቿ ተቆርጠው ከሆነ ቁርጥራጮቹን ፈልጉና ቁጠሩ፤ የጠፋ ቁራጭ የውሃ መንገዱ ውስጥ ተቀምጦ ነገ ሞተሩን ያግላል። የብረቱን ሳህን በጥፍር ዳስሱ። የጣና ውሃ ክረምት ላይ ደለል ይዞ ስለሚመጣ እንደ ሞረድ ይሞርደዋል፤ ከተቦረቦረ ይቀየር። አዲሷን በሳሙና ውሃ ወይም በግሊሰሪን ቀቡና ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ እያዞራችሁ ቤቱን ተጭናችሁ አስገቡ፤ ክንፎቹ በትክክለኛው ጎን ይታጠፋሉ። የዘንጉ ጥርስ ጎን ላይ ግራሶ ቀቡ፣ ጫፉ ላይ ግን አታድርጉ፤ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ይገፋዋል።

ውሃ የሚገባበትን ወንፊትም አጽዱ። እንቦጭ ጣና ላይ ከ2004 አካባቢ ወዲህ የሁላችንም ራስ ምታት ነው፤ ሥሩ ወንፊቱ ላይ ይጠቀለላል።

የማርሽ ዘይቱ ታችና ላይ ባሉ ሁለት ብሎኖች ነው የሚቀየረው። መጀመሪያ የታችኛውን፣ ቀጥሎ የላይኛውን ፍቱ። የወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ የዘንጎቹ ዘይት መያዣ ጎማዎች ይቀየሩ። የሚያብለጨልጭ የብረት ቁርጥራጭ ካለበት ማርሹ እየተበላ ነው። አዲሱ የሚሞላው ከታች ነው፤ ዘይቱ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ግፉ። ከላይ ብትሞሉ አየር ውስጥ ይቀራል። የላይኛውን ብሎን አስቀድማችሁ ዝጉ፣ ከዚያ የታችኛውን።

አሁን ገመዱ

ጀልባውን የሚገፋውን ውልብልቢት ፍቱና አስቀምጡ። ሞተሩን በርሜል ውስጥ አስገቡ፤ ውሃው ከውልብልቢቱ በላይ ካለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ቢያንስ አንድ ጋት ከፍ ይበል። ያለ ውሃ ለአንድ አፍታም አታስነሱ፤ አዲሷ ኢምፔለር በሴኮንዶች ውስጥ ትቃጠላለች። ቦታው ግቢ ይሁን፣ ቤት ውስጥ አይሁን። ጭሱ ይገድላል።

የሰልባትዮውን ክዳን አየር ማስገቢያ ክፈቱ። ይህ ተረስቶ ስንት ሰው ካርቡሬተር እንደፈታ! የጎማውን ፓምፕ እስኪጠነክር ጨምቁ። የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ እዚህ ላይ ቁሙ። ማርሽ ዜሮ፣ ቀዩ መሰኪያ በቦታው፣ ቾክ ሙሉ፣ ነዳጅ መስጫው "ማስነሻ" የሚለው ምልክት ላይ። ገመዱን በቀስታ እስኪከብድ ሳቡ፣ ከዚያ በአንድ ጠንካራ ምት። ሲነሳ ቾኩን ቀስ እያላችሁ መልሱ።

ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል። አትደንግጡ፤ የጨመራችሁት ዘይት ነው፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ውስጥ ይቀንሳል። ዓይናችሁ የውሃ ምልክቱ ላይ ይሁን። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቀጥ ያለ የውሃ ጅረት ካልወጣ አጥፉ። ከወጣ በሚኒሞ አሥር ደቂቃ ይሥራ። ከፍተኛ ዙር አትስጡት። የበርሜሉ ውሃ ስለሚሞቅ ቀይሩት።

ስምንት አሥር ጊዜ ስባችሁ ካልተነሳ ቁሙና ካንዴላውን እዩ። እርጥብ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ አድርቁት፣ ቾኩን ክፈቱና ሞክሩ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ ወደ ቱቦውና ፓምፑ ተመለሱ። ተነስቶ በቾክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ትንሹ ጂግለር አልጸዳም፤ እንደገና አውጡት። ያናድዳል፣ እኛም ሁለቴ አውጥተነዋል። በአንድ ሲሊንደር የሚሠራ ከመሰላችሁ አጥፉና ቶሎ ሁለቱንም ካንዴላ አውጡ፤ ያልሠራው ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይገኛል።

ሐይቁ ላይ

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል። ከዳር አትራቁ። መቅዘፊያ፣ የሕይወት ጃኬት፣ ትርፍ ካንዴላና የካንዴላ መፍቻ ያዙ። ውልብልቢቱን ስታስሩ ኮፒሊያውን፣ እንዳይፈታ የሚይዘውን ፒን፣ አዲስ አድርጉ። ለግማሽ ሰዓት በግማሽ ፍጥነት ንዱ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ከፍ እያደረጋችሁ መልሱ። ከፍ ስታደርጉት ከታነቀ ትልቁን ጂግለር ወይም ፓምፑን ጠርጥሩ።

ስትመለሱ ካንዴላዎቹን አውጡ። ቀለማቸው የተቆላ ቡና ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታልና አትንዱት፤ ፒስተን ይበሳል። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል። እዚህ አገር ጥቁሩ የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲመጣ ጂግለሩ ለባሕር ጠረፍ አየር የተለካ ነው፣ የእኛ አየር ደግሞ ስስ ነው። ለጣና አንድ ሁለት ቁጥር ያነሰ ትልቅ ጂግለር ማስገባት ነዳጅም ይቆጥባል፣ ካንዴላም ያቆያል። ግን ያንን ሞተር በኋላ ወደ ጫሞ ብትወስዱት፣ ጫሞ 1,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ነዳጅ ያንሰዋል። የፋብሪካውን ጂግለር አትጣሉት።

እንደገና የሚቆም ከሆነ

ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ከሆነ በርሜል ውስጥ እየሠራ የነዳጁን ቱቦ ንቀሉ፤ ካርቡሬተሩ ያለውን ጨርሶ ራሱ ይጥፋ። ካንዴላ አውጥታችሁ ዘይት ጨምሩ፣ በእጅ አዙሩ፣ ካንዴላውን መልሱ። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ውሃው በሙሉ ይንጠፍጠፍ። ሰልባትዮው ባዶ ይሁን። የአየር መግቢያውንና የውሃ መውጫውን በጨርቅ ወትፉ፤ ተርቡ እንዳይገባ። የካንዴላውን ዓይነት፣ የጂግለሩን ቁጥር፣ ኢምፔለሯ የተቀየረችበትን ቀንና "ጨርቁን ሳታወጡ አታስነሱ" የሚለውን ካርቶን ላይ ጽፋችሁ የማስነሻ ገመዱ እጀታ ላይ እሰሩት፤ የሚያወጣው ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነውና።